ተለማማጅ ሆኖ ነጋዴ ዘንድ መግባት፦ በጅማ የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ዛሬ የተማሪ ከተማ ናት። ከዚያ በፊት ግን የነጋዴ ከተማ ነበረች፤ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ.) የሂርማታ ገበያ ከየአቅጣጫው የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ ይገናኝበት ነበር። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ ተዋህደው ሲቋቋም ደግሞ ተማሪው ማኅበረሰቡ ውስጥ ገብቶ ይማር የሚለውን መርሕ ይዞ ቀጠለ። ዛሬ ተማሪና ነጋዴ በቅርብ የሚተዋወቁት በልምምድ ወቅት ነው።

እኔ በተለማማጅነት በገባሁበት የቡና አቅራቢ ድርጅት አሁን ግዢና ሒሳብ ላይ እሠራለሁ። አዳዲስ ተለማማጆችን የምቀበለውም እኔ ነኝ። ሥራውን ያስተማሩኝ የድርጅቱ ባለቤት ናቸው፤ ሁላችንም «ሐጂ» ነው የምንላቸው። ዓመት በመጣ ቁጥር ልጆቹ ይለወጣሉ፣ ይዘውት የሚመጡት ሐሳብ ግን አይለወጥም። ያ ሐሳብ ያቺን አጭር የልምምድ ጊዜ ሲበላባቸው ማየት ስለሚከብደኝ ነው ይህን የምጽፈው።

«የተማርኩት ሚዛን ላይ ለመቆም አይደለም»

ማኔጅመንት ወይም አካውንቲንግ ተምሮ የመጣ ልጅ ወንበርና ኮምፒውተር ይጠብቃል። ሐጂ ግን አዲስ ተለማማጅን መጀመሪያ የሚያቆሙት ሚዛኑ አጠገብ ነው። ብዙዎች ይከፋቸዋል። አንዳንዶቹም በሦስተኛው ቀን ስልካቸውን ይዘው ጥላ ስር ይቀመጣሉ።

እውነታው፣ የአቅራቢ ትርፍና ኪሳራ በአብዛኛው የሚወሰነው እዚያው ሚዛኑ ላይ ነው። ጀንፈል፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀ ቡና፣ ሲፈለፈል ንጹሕ ቡና ሆኖ የሚወጣው በግምት ግማሹ ነው። ከ10 ኩንታል ጀንፈል 5 ኩንታል አገኛለሁ ብሎ የገዛ ሰው 4 ኩንታል ተኩል ቢወጣለት፣ የከፈለው ገንዘብ ያው ሆኖ እያንዳንዱ ኪሎ ከ11 በመቶ በላይ ይወደድበታል። አስቀድሞ በቀጭን ትርፍ ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እርጥበቱም እንዲሁ ነው። ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ቡና እርጥበቱ ከ11.5 በመቶ መብለጥ የለበትም። 14 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኩንታል ንጹሕ ቡና ገዝታችሁ እዚያ ደረጃ እስኪደርስ ብታደርቁት ወደ 97 ኩንታል ይወርዳል። ከመጋዘኑ ማንም ምንም አልወሰደም፤ ወደ ሦስት ኩንታል የሚጠጋ ውኃ በቡና ዋጋ ተገዝቷል ማለት ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ቢነግሯችሁ ትረሱታላችሁ። የእርጥበት መለኪያውን በገዛ እጃችሁ ይዛችሁ፣ ሻጩ ፊታችሁ ቆሞ ቁጥሩን ስታነቡ ግን ከእናንተ ጋር ይኖራል።

አንዲት የአካውንቲንግ ተማሪ ሚዛኑ አጠገብ በቆመችበት ጊዜ ጀንፈሉ ከየትኛው ሰብሳቢ (ከገበሬ ገዝቶ ከሚያመጣልን ሰው) እንደመጣና ሲፈለፈል ስንት እንደወጣው በአንድ ደብተር ጎን ለጎን ትመዘግብ ነበር። ማንም አላዘዛትም። ወሩ ሲያልቅ ከአንድ አካባቢ የሚመጣው ጀንፈል ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ እንደሚወጣ ታየ። ሐጂ ለዚያ አካባቢ የሚሰጡትን ዋጋ ያስተካከሉት የእሷን ደብተር አይተው ነው። ኮምፒውተር ፊት ብትቀመጥ ኖሮ ይህን የሚያሳያት ቁጥር አታገኝም ነበር፤ ገና ማንም አልጻፈውማ።

«ጥሩ መካሪ መልሱን የሚነግር ነው»

ሐጂን «የዛሬው ዋጋ ስንት ይሁን?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «አንተ ብትሆን ስንት ትገዛው ነበር?» ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ምሥጢር የሚደብቁ ይመስላቸዋል። እንዲያውም አንዱ «ነጋዴ ዕውቀቱን አይሰጥም» ብሎ ለጓደኞቹ ሲናገር ሰምቻለሁ።

ነገሩ ሌላ ነው። ሐጂ ተለማማጁ ጠዋት ግምቱን ከነምክንያቱ ወረቀት ላይ እንዲያሰፍር ያደርጋሉ። ማታ በኒውዮርክ ገበያ የአረቢካ ቡና ዋጋ የት እንደዋለ፣ የዶላር ምንዛሪው ምን ላይ እንዳለ፣ ዝናቡ ማድረቂያው ላይ ያለውን ቡና ስንት ቀን እንደሚያዘገየው፣ ጎረቤት መጋዘን በስንት እንደገዛ፣ እነዚህን ሁሉ አንስተው ከግምቱ ጋር ያስተያያሉ። ልጁ ተሳስቶ ከሆነ የቱን ነገር እንዳላየ ራሱ ያገኘዋል። ዋጋው ነገ ይለወጣል፤ የዛሬውን ቁጥር ለልጁ መንገር ለነገው አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ምን ምን ማየት እንዳለበት ማወቁ ነው።

ስለዚህ መካሪያችሁ ጥያቄያችሁን በጥያቄ ሲመልስ አትቀየሙ። ግምታችሁን ተናገሩ፤ ስህተት ቢሆን እንኳ ተናገሩት። የሚያሳስበኝ ግምት ሳይኖረው መልስ የሚጠብቀው ልጅ ነው።

«ብዙ መጠየቅ አላዋቂነትን ማጋለጥ ነው»

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ በመጋዘን ውስጥም ያው ነው። ዝም ያለ ተለማማጅ ሁሉ የገባው ስለሚመስል የሚያስረዳው አያገኝም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ልጨምር። ሐጂ ከገበሬ ጋር ዋጋ ሲነጋገሩ መሐል ገብቶ «ለምን ቀነሱት?» ማለት ጥያቄ አይደለም፣ ድርድር ማበላሸት ነው። ጥያቄውን ጻፉት፤ ሻጩ ከሄደ በኋላ ወይም ቡና ሲጠጣ አንሱት።

«ነጋዴ የሚያተርፈው ብልጣብልጥ ስለሆነ ነው»

ይህኛው አመለካከት ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ልጆቹን ብልጥነትን እንደ ሙያ እንዲለማመዱ ያደርጋቸዋል። ሚዛን የሚያጎድል፣ ተበድሮ የሚጠፋ ነጋዴ የለም አልልም። አለ። ግን አሠራሩን ተመልከቱት፦ በጅማ ዙሪያ ዋናው የቡና ለቀማ የሚካሄደው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። በዚያ ጊዜ ገበሬው ቡናውን የሚሸጥለት ሰው መርጦ ነው የሚሄደው፤ የሚመርጠውም ባለፈው ዓመት ያልበደለውን ነው። አንድ ወቅት ሚዛን አጉድሎ ያተረፈ ሰው በሚቀጥለው ወቅት መጋዘኑ ባዶ ይሆንበታል።

በሐጂ መጋዘን ሚዛኑን መጀመሪያ የሚያነበው ሻጩ ነው። ማንበብ የማይችል ከሆነ አብሮት የመጣ ሰው ያነብለታል። በዕድሜ የገፉ ገበሬዎች እስከ ዛሬ በፈረሱላ ነው የሚያስቡት፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ ተለማማጁ ኪሎውን ወደ ፈረሱላ መልሶ የመናገር ኃላፊነት አለበት። ሰውየው በሚያውቀው መስፈሪያ ሲነገረው ፊቱ ሲፈታ ታያላችሁ።

ሰብሳቢዎች ለግዢ የሚወስዱት ቅድሚያ ገንዘብም ብዙ ጊዜ ከእምነት ሌላ መያዣ የለውም። ሐጂ ለአንድ ሰብሳቢ ገንዘብ ከመስጠታቸው በፊት እቁብ አብረውት የጣሉ ሰዎችን ይጠይቃሉ፦ ዕጣው ቀድሞ ከወጣለት በኋላ መጣሉን ቀጥሎ ነበር ወይስ ጠፋ? እኔ ማንም በጽሑፍ ካቀረበው የሥራ ታሪክ ይልቅ ይህ መልስ የበለጠ እንደሚናገር አምናለሁ። እናንተም በልምምድ ወቅት እየተመዘናችሁ ነው፤ ሰዓት ታከብራላችሁ ወይ፣ የተቀበላችሁትን ገንዘብ በዕለቱ ታወራርዳላችሁ ወይ፣ መጋዘን ውስጥ የሰማችሁትን ዋጋ ውጭ ታወራላችሁ ወይ። ጅማ ትልቅ ከተማ ብትሆንም የቡና ነጋዴው እርስ በርሱ ይተዋወቃል።

«መሪ የሚኮነው ሹመት ሲገኝ ነው»

በመጋዘኑ ከተፈለፈለው ቡና ውስጥ የተበላሸውን ፍሬ የሚለቅሙት ሴቶች ረድፍ ይዘው ይቀመጣሉ። በመካከላቸው ሹመት የሌላት፣ ደሞዟም ከሌሎቹ የማይለይ አንዲት እናት አሉ። የታመመችውን ቤቷ የሚልኩ፣ አዲስ የገባችውን ከጎናቸው አስቀምጠው ጥቁሩንና በነቀዝ የተበላውን ፍሬ የሚያሳዩ፣ ክፍያ ሲዘገይ ለሁሉም ተነሥተው ለሐጂ የሚናገሩ እሳቸው ናቸው። ሐጂ የሥራ ቅደም ተከተል ሲቀይሩ መጀመሪያ የሚያማክሩት እሳቸውን ነው። ተለማማጆችን «መሪነት ማየት ከፈለጋችሁ ከእሳቸው አጠገብ ለቅማችሁ ዋሉ» እላቸዋለሁ። የሄዱት ተጠቅመዋል።

ሌላው መሪነትን በተመለከተ የሚታየው ስህተት፣ ነገር ሲበላሽ ጥፋተኛ መፈለግ ነው። ይህ ከቡናችን ስም ጋርም ይያያዛል። «ጅማ 5» በዓለም ገበያ የታወቀ፣ ደረጃው ዝቅ ያለ የደረቅ ቡና መጠሪያ ነው፤ ተማሪዎችም ከዚህ ተነሥተው የጅማ ቡና ከተፈጥሮው ደካማ ነው ብለው ይደመድማሉ። ትክክል አይደለም። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቡና ደረጃ አወጣጥ ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬው ቡና፣ 60ው ለቅምሻው ነው፤ ሁለቱንም በአብዛኛው የሚጥላቸው ከዛፉ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው። ቀዩንና አረንጓዴውን ደባልቆ ማርገፍ፣ መሬት ላይ ማስጣት፣ ማድረቂያው አልጋ ላይ አወፍሮ ማስጣት፣ ማታ ሳይሸፍኑ መተው። በአጋሮ ዙሪያ ያሉ ማኅበራት ቀዩን ብቻ ለቅመውና በጥንቃቄ አዘጋጅተው ቡናቸውን በልዩ ጣዕም ደረጃ ሸጠዋል። ከጅማ አጋሮ ያለው ርቀት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ሐጂ ቅምሻው ሻጋታ ሻጋታ ብሎ ሲመለስ «ማን ነው?» አይሉም። «የትኛው ቦታ ላይ ነው?» ነው የሚሉት። አልጋዎቹን ይዞራሉ፣ ውፍረቱን በጣታቸው ይለካሉ፣ ማታ የሚሸፍነውን ልጅ መሸፈኛው ይበቃው እንደሆነ ይጠይቃሉ። ብዙ ጊዜ መሸፈኛው አይበቃም፤ ልጁ ግን ተቆጥተው ቢጠይቁት ኖሮ ይህን አይናገርም ነበር። በሥራ ዓለም ካየኋቸው ልማዶች ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ይዤው ልሄድ የምመኘው ይህን ነው።

«እንግሊዝኛዬ ጥሩ ከሆነ ይበቃኛል»

ለላኪ ድርጅት ደብዳቤ ለመጻፍ፣ አዎ። ቡናው ግን የሚገዛው በአፋን ኦሮሞ ነው። ከሌላ አካባቢ የመጣችሁ ከሆነ ቁጥሮቹን፣ ሰላምታውንና የቡና ቃላቱን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተማሩ። «አካም ጂርቱ?» ብሎ የጀመረ ልጅ ሰፊ ወሬ ባይችልም ሻጩ ይታገሠዋል።

«ልምምድ የሙከራ ጊዜ ነው፤ ጎበዝ ከሆንኩ ይቀጥሩኛል»

ልምምድና የሙከራ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ የተቀጠረ ሰው የሚያልፍበት ነው፤ ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀናትም መብለጥ አይችልም። የልምምድ ደብዳቤ ይዛችሁ የመጣችሁ እንደሆነ እንዲህ ዓይነት ውል የላችሁም። ጎበዝ ሆናችሁ ክፍት ቦታ ላይኖር ይችላል፤ ቡና በወቅት የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ከለቀማው ወራት ውጪ ብዙ መጋዘን ሰው አይጨምርም። ይህን አስቀድማችሁ ብታውቁ በመጨረሻው ቀን አትሰበሩም።

ልትጠይቁት የምትችሉት ሌላ ነገር ግን አለ። ልምምዱ ከማለቁ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ መካሪያችሁ ዘንድ ግቡና የሠራችሁትን ነገር በዝርዝር የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁ። «ታታሪ ነበረች» የሚል ብቻ አይሁን፤ የጀንፈል መዝገብ እንደያዘች፣ የእርጥበት ልኬት እንደሠራች፣ ክፍያ እንዳወራረደች ይጻፍበት። መካሪዎች ሥራ ስለሚበዛባቸው ረቂቁን ራሳችሁ አዘጋጅታችሁ ብትሄዱ ደስ ይላቸዋል። ሐጂ እንዲህ ያለ ረቂቅ ሲቀርብላቸው መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን መስመር ያነባሉ፣ ያልተሠራውን ይሰርዛሉ፣ የተረሳውን ይጨምራሉ፣ ከዚያ ነው የሚፈርሙት። በቅርቡ ሌላ ከተማ ያለ አንድ ላኪ ደውሎ ስለ አንዲት የቀድሞ ተለማማጃችን ሲጠይቀኝ፣ ያነሣው ከደብዳቤው ላይ ያነበበውን የጀንፈል መዝገብ ነበር።