በኔትወርክ የሚጫን ዊንዶውስ ዶሜይን ውስጥ አልገባም ሲል

አንድ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ ለመጫን ፍላሽ ሰክቶ ጥያቄዎቹን መመለስ ይበቃል። ኮምፒውተሮቹ መቶ ሲሆኑ ግን እያንዳንዱ ፊት ተቀምጦ ቋንቋ መምረጥ፣ ስም መስጠት፣ ዶሜይን ውስጥ (ድርጅቱ ኮምፒውተሮቹንና ተጠቃሚዎቹን በጋራ የሚያስተዳድርበት ክልል) ማስገባት ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ሥራው ለሰርቨር ይሰጣል። ኮምፒውተሩ በኔትወርክ ገመድ በኩል ይነሳል፣ ኢሜጁን፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የታሸገውን ዊንዶውስ፣ ያወርዳል፣ መልሶቹን አስቀድሞ ከተዘጋጀለት መልስ ፋይል ያነባል፣ በመጨረሻም የዶሜይኑ መዝገብ በሆነው አክቲቭ ዳይሬክተሪ ላይ ራሱን ያስመዘግባል። ሰው የሚነካው የማብሪያውን ቁልፍ ብቻ ነው።

ሲበላሽ ግን ያደክማል። ችግሩ የሚታይበት ቦታና የተፈጠረበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። «ዶሜይን አልገባም» ተብሎ የሚጀመር ፍለጋ ከአንድ ሰዓት በኋላ የኔትወርክ ካርድ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ላይ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ መንገዱን ከመነሻው ማወቅ ያስፈልጋል።

መነሻው ፒኤክስኢ ነው፣ ኮምፒውተር ከዲስክ ሳይሆን ከኔትወርክ እንዲነሳ የሚያደርገው። ኢንቴል ያወጣው አሠራር ሲሆን ዛሬም የምንጠቀምበት 2.1 ስሪት የወጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ካርዱ ኔትወርኩ ላይ ይጮሃል፤ አድራሻ ስጡኝ፣ የምነሳበትን ፋይልም ንገሩኝ ይላል። አድራሻውን አድራሻ አዳዩ ሰርቨር ዲኤችሲፒ ይሰጣል፣ ፋይሉ ደግሞ ቲኤፍቲፒ በሚባል ቀላል የፋይል ማስተላለፊያ በፖርት 69 ይመጣል። ይህ ጩኸት ራውተር አያልፍም። ሰርቨሩ ሌላ ቪላን (የተለየ የኔትወርክ ክፍል) ላይ ከሆነ ጥያቄውን የሚያስተላልፍ ቅንብር ራውተሩ ላይ መኖር አለበት። ዲኤችሲፒው ላይ በ66 እና በ67 ቁጥር አማራጮች አንድ የመነሻ ፋይል ብቻ ከጻፋችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ የባዮስና የዩኢኤፍአይ (የድሮውና የአዲሱ ማስነሻ ሶፍትዌር) ማሽኖች የሚፈልጉት ፋይል ስለሚለያይ ግማሾቹ ይነሳሉ፣ ግማሾቹ እምቢ ይላሉ። ስዊቹንም አትርሱት። ገመድ ሲሰካ ፖርቱ ዙር እንዳይፈጠር እየተጠነቀቀ 30 ሰከንድ ያህል መረጃ ሳያሳልፍ ሊቆይ ይችላል፣ ካርዱ ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም። የተጠቃሚ ፖርቶች ላይ ፖርቱ ሳይጠብቅ እንዲከፈት የሚያደርገውን ፖርትፋስትን ማብራት ይህን ይፈታዋል።

ፋይሉ ከወረደ በኋላ ዊንዶውስ ፒኢ ይነሳል፣ ሚሞሪ ላይ ብቻ የሚኖር ትንሽ ዊንዶውስ ማለት ነው። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ነው። «በኔትወርክ ተነስቶ እንዴት ኔትወርክ የለኝም ይላል?» ይባላል። ፒኤክስኢ የሚሠራው በማሽኑ ፈርምዌር (ፋብሪካው ቦርዱ ላይ በጫነው ሶፍትዌር) ድራይቨር ነው፣ ዊንዶውስ ፒኢ ግን የራሱን ይፈልጋል። ሺፍትና ኤፍ10ን፣ በአንዳንድ የመጫኛ መሣሪያዎች ደግሞ ኤፍ8ን፣ ተጭናችሁ ጥቁሩን መስኮት ክፈቱና አይፒኮንፊግ ብላችሁ ጻፉ። ምንም ካርድ ካልታየ ድራይቨሩ ቡት ኢሜጁ (ዊንዶውስ ፒኢ የሚነሳበት ፋይል) ውስጥ የለም ማለት ነው። በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ከታየ ደግሞ ካርዱ ደህና ነው፣ መልስ የነፈገው ዲኤችሲፒ ነው። ዲስኩ ጨርሶ የማይታይባቸው አዳዲስ ላፕቶፖችም አሉ፤ እነሱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው የኢንቴል ስቶሬጅ ድራይቨር ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ቡት ኢሜጁ ውስጥ የጨመራችሁት ድራይቨር የሚያገለግለው ዊንዶውስ ፒኢን ብቻ ነው። ማሽኑ ዳግም ሲነሳ አዲሱ ዊንዶውስ የራሱን ድራይቨር ይፈልጋል፣ ዶሜይን የሚቀላቀለውም ልክ በዚያ ሰዓት፣ ስፔሻላይዝ በሚባለው ደረጃ ላይ ነው። ካርዱ ካልታወቀ ዶሜይኑ አይገኝም። የሚያናድደው ደግሞ ጫኙ በዚህ ምክንያት አለመቆሙ ነው። ወርክግሩፕ ውስጥ፣ ማለትም ከዶሜይን ውጪ ለብቻው ሆኖ ሥራውን ይጨርሳል፣ ስክሪኑም ሁሉም ሰላም እንደሆነ ያሳያል። ሰው የሚያውቀው ጠዋት ተጠቃሚው በራሱ ስም መግባት ሲያቅተው ነው።

ስለዚህ ግምቱን ተዉትና ሎጉን ክፈቱ። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ዲበግ የሚባል አለ፣ እዚያ ውስጥ ኔትሴታፕ የተባለው ሎግ ሙከራውን አንድ በአንድ ጽፎ ያስቀምጣል። ከታች ወደ ላይ አንብቡት፣ የስህተት ቁጥሩን ፈልጉ።

1355 ካያችሁ ዶሜይኑ አልተገኘም ማለት ነው፣ ከድራይቨር ቀጥሎ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ነው። ኮምፒውተሩ ዶሜይን ኮንትሮለሩን (ዶሜይኑን የሚመራውን ሰርቨር) የሚያገኘው ከዲኤንኤስ ጠይቆ ነው። ዲኤችሲፒው 8.8.8.8ን ወይም ሌላ የሕዝብ ዲኤንኤስ ከሰጠው ስለ ውስጣችሁ ዶሜይን ምንም አያውቅም። «ሁለተኛ ሆኖ ቢቀመጥ ምን ይጎዳል» የሚሉ አሉ። ይጎዳል፣ አንዴ ሠርቶ አንዴ የማይሠራ ችግር የሚፈጠረው በዚህ ነው።

1326 የስም ወይም የፓስወርድ ስህተት ነው። 5 ቁጥር ፈቃድ የለህም ማለት ነው፤ ማሽኑን የሚያስገባው አካውንት በተባለው ኦዩ (የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ክፍል) ውስጥ ኮምፒውተር የመፍጠር መብት አልተሰጠውም። 8557 ደግሞ ኮታ አለቀ ይላል። ተራ ተጠቃሚ እስከ 10 ኮምፒውተር እንዲያስገባ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ገና ከመነሻው ይፈቅዳል። ለዚህ ነው ሙከራው ላይ ሁሉ ነገር አምሮ 11ኛው ማሽን ላይ ቀጥ የሚለው።

2732 ብዙ ሰው ያላሰበው ነው። ማይክሮሶፍት በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው የደህንነት ማሻሻያ፣ በዶሜይኑ ውስጥ ቀድሞ ያለ የኮምፒውተር አካውንትን ሌላ ሰው መልሶ እንዳይጠቀምበት ገደብ አደረገ። የድሮ ማሽን በዚያው ስሙ ስትጭኑ፣ አካውንቱን የፈጠረውና አሁን የሚያስገባው ተጠቃሚ ካልተመሳሰሉ ይከለከላል። ለዓመታት የሠራ አሠራር ባንድ ጊዜ የቆመባቸው ሰዎች መልስ ፓስወርዱ ላይ ፈልገዋል፣ እዚያ ግን አልነበረም። መፍትሔው የፈጠረውን አካውንት መጠቀም፣ የድሮውን መዝገብ አጥፍቶ መጀመር፣ ወይም የታመኑ ፈጣሪዎችን በግሩፕ ፖሊሲ (በዶሜይኑ የጋራ ቅንብር) መፍቀድ ነው።

ሰዓትንም ተመልከቱ። የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀ ማሽን ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ይነሳል፣ የዶሜይኑ የማንነት ማረጋገጫ ኬርቤሮስ ደግሞ በተለመደው ቅንብሩ ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይታገስም።

የስም ጉዳይ ለብቻው ይነሳ። ኔትባዮስ ስም፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አጭር ስም፣ ከ15 ፊደል አይበልጥም። ስሙን ከቅጥያና ከረጅም የፋብሪካ ቁጥር አያይዛችሁ የምትሠሩ ከሆነ የሚቆረጠው መጨረሻው ነው፣ ማሽኖቹ የሚለያዩት ደግሞ በመጨረሻዎቹ ፊደላት ነው። ሁለት ላፕቶፖች አንድ ስም ይይዛሉ። ሁለተኛው ሲገባ የመጀመሪያውን አካውንት ይወስድበታል፣ የመጀመሪያው ከቀናት በኋላ ከዶሜይኑ ጋር ያለኝ መተማመን ተቋርጧል ብሎ ሰው አላስገባም ይላል። የቁጥሩን የመጨረሻ ፊደላት ብቻ ወስዶ መጠቀም ይሻላል።

ኦዩ ሲጻፍም ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ኮምፒውተርስ» የሚባለው የተለመደው ማስቀመጫ ኦዩ አይደለም፣ ኮንቴይነር ነው። መልስ ፋይሉ ላይ እንደ ኦዩ ከተጻፈ አይሠራም።

ስለ ደህንነት ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። መልስ ፋይሉ ውስጥ ያለው ፓስወርድ የተመሰጠረ ቢመስልም አይደለም፣ ፋይሉን ያገኘ ሁሉ ያነበዋል። ስለዚህ የዶሜይን አድሚን አካውንት እዚያ ፈጽሞ አትጻፉ። ለዚህ ሥራ ብቻ የተፈጠረ፣ በአንድ ኦዩ ላይ ብቻ መብት ያለው አካውንት ይበቃል። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ደግሞ ኮምፒውተሩን አስቀድሞ መዝግቦ በተዘጋጀ ፋይል፣ ኮንትሮለሩን ሳያገኝ ማስገባት ይቻላል።

ሎጉም ካላስረዳችሁ አንድ ሙከራ ቀረ። ወርክግሩፕ ውስጥ የቀረውን ያንኑ ማሽን በዚያው አካውንት፣ በዚያው ኦዩ፣ በእጃችሁ ዶሜይኑ ውስጥ አስገቡት። እምቢ ካለ ችግሩ ኔትወርኩ ወይም መብቱ ላይ ነው። ከገባ ግን ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ወደ መልስ ፋይሉና ወደ ድራይቨሩ ተመለሱ።