የሞተር ሳይክል ዘይትና ፈሳሽ በራስ መቀየር (መሃል አዲስ አበባ)

አዲስ አበባ ውስጥ የሞተር ሳይክል ፈሳሽ ሁሉ «ዘይት» ይባላል፤ የሞተሩም፣ የፍሬኑም፣ የፊት ሹካውም። ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጁ የሚቀይር ሰው ከሚሠራቸው ስህተቶች ከባዱ ከዚሁ ስም ይመጣል። የፍሬን ዘይት መያዣ ውስጥ የሞተር ዘይት ጠብ ካለ ጎሚኒዎቹ (የጎማ ማሸጊያዎቹ) ያብጣሉ፣ ፍሬኑ ይዞ ይቀራል፣ መላው መስመር ተፈትቶ ካልተለወጠም አይድንም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመፍቻ ሳይሆን ከቆርቆሮው ላይ ጽሑፍ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን በፈቃድ ከገደበ ወዲህ መሃል ከተማ የሚታዩት ሞተሮች በብዛት ዕቃ አድራሾችና የድርጅት ናቸው። ቀኑን ሙሉ ከፒያሳ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ካሳንቺስ ይመላለሳሉ። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያላቸው፣ በአየር የሚቀዘቅዙ ባለ አራት ምት ሞተሮች የሚይዙት ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ነው። ያችው አንድ ሊትር ፒስተኑን፣ ካምቢዮውንና ፍሪሲዮኑን አንድ ላይ ታገለግላለች። ለዚህ ነው ከመኪና ዘይት ቀድማ የምትደክመው፤ በከተማ ሥራ ከ2,000 እስከ 3,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ መቀየር ይገባታል። አዲስ ሞተር ግን የመጀመሪያውን ቅያሪ ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ይፈልጋል። ያማሃ ዲቲና ኤጂ 100 ባለ ሁለት ምት ስለሆኑ ጉዳያቸው ሌላ ነው፤ ከቤንዚን ጋር የሚቃጠለው ዘይትና የካምቢዮው ዘይት የተለያዩ ናቸው።

ዘይት ሲገዛ «20ደብልዩ-50» የሚለው የውፍረት ቁጥር ብቻውን አይበቃም። «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ምልክት መኖር አለበት። ለመኪና የተሠሩ ብዙ ዘይቶች መንሸራተት የሚጨምር ቅመም አላቸው፤ የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ደግሞ በዘይት ውስጥ የሚሠራ በመሆኑ ሸራው መያዝ ያቅተዋል፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ጎማው አይከተለውም። የዘይት ማውረጃው ቡሎን የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ቀለበት ሶማሌ ተራ አካባቢ ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች ይገኛል። አሮጌውን ቡሎን ይዞ ሄዶ ማስለካት በቃል ከመንገር ይሻላል።

ቀጥሎ የሚያስቸግረው ሜዳ ማግኘት ነው። መሃል አዲስ አበባ ተዳፋት ነው፤ ቸርችል ጎዳናን ያየ ያውቀዋል። ሞተሩ ትንሽ እንኳ ካጋደለ ልኩ ይዋሻል፣ ጎዶሎውም ሙሉ ይመስላል። የግቢ ሲሚንቶ ወይም የሕንፃ ምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ጥሩ ነው። አስፋልት ዳር ላይ መሥራት ባይሞከር ይመረጣል።

ሞተሩ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይነሳና ይጠፋል፤ ለብ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል፣ የፈላ ግን እጅ ያቃጥላል። ለመቀበያ ባለ አምስት ሊትር የምግብ ዘይት ጄሪካን በጎኑ ተኝቶ አንድ ገጹ ይቆረጣል። የታችኛው ቡሎን ብዙውን ጊዜ በ17 ቁልፍ ይፈታል፤ በአንዳንዶቹ ግን ትልቅ ክዳን ሆኖ ከውስጡ ሞላና ወንፊት ይወጣል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ከላይ ጎንበስ ብሎ ሲያየው አቅጣጫው ይገለበጥበትና እፈታለሁ ሲል ያጠብቃል። የሞተሩ ሆድ አሉሚኒየም ስለሆነ የብረት ቡሎን ጥርሱን ይበላዋል። አንገትን ከሞተሩ በታች አድርጎ የቡሎኑን ራስ ፊት ለፊት እያዩ ወደ ግራ ማዞር ነው መፍትሔው። ሲመለስም መጀመሪያ በጣት፣ ቀለበቱ ከነካ በኋላ በአጭር ቁልፍ በአንድ እጅ ብቻ ይጠብቃል። ረጅም ቧንቧ እጀታው ላይ ሰክቶ መግፋት የዚህን ሥራ ግማሽ አደጋ ያመጣል።

የወረደው ዘይት ይነበባል። ጥቁር መሆኑ ምንም አይደለም። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፤ ክረምት ላይ ሞተሩ ሳይሞቅ በአጭር በአጭር ጉዞ ብቻ ሲነዳ ወይም በከፍተኛ ግፊት ሲታጠብ ይመጣል። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ያንጠባጥባል፣ ወይም ድብልቁ ላይ ቤንዚን በዝቷል። ከተማው ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ትርፉም ዘይቱን ያቀጥናል። የብረት ብናኝ በመጀመሪያው ቅያሪ ይጠበቃል። በጣት የሚያዝ ስባሪ ከወጣ ግን ሞተሩን ሳያስነሱ መካኒክ መጥራት ነው።

አዲሱ ዘይት በአንዴ አይሞላም። ሦስት አራተኛው ይገባና ሞተሩ አንድ ደቂቃ ይሠራል፣ ሦስት ደቂቃ ያርፋል፣ ከዚያ እየጨመሩ ይለካል። መለኪያው ዘንግ ከሆነ በብዙ ሞዴሎች ሳይጠበቅ ጥርሱ ላይ አርፎ ነው የሚነበበው። «ትንሽ ቢበዛ ይጠቅማል» የሚባለው ውሸት ነው፤ ትርፉ በመተንፈሻው ወጥቶ የአየር ፊልትሮውን ያበላሻል።

የፍሬን ዘይት የሚመለከተው ዲስክ ፍሬን ያላቸውን ብቻ ነው፤ ባለ ከበሮ ቦክሰር የለውም። የመያዣው ክዳን ላይ የፈሳሹ ዓይነት ዶት 3 ወይም ዶት 4 (DOT) ተብሎ ተጽፏል፣ 250 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ ይተርፋል። ይህ ፈሳሽ ውሃ ከአየር ይስባል። አዲስ ዶት 4 ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ከጠገበ ግን የመፍያ መነሻው ወደ 155 ይወርዳል፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ አራት ኪሎ ፍሬን እየያዙ ሲወርዱ የፍሬን እጀታው ባዶ የሚሆነው በዚህ ነው። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፣ ተከፍቶ የከረመም አይጨመርም። አሮጌው በስሪንጅ ይመጠጥና አዲሱ ይገባል፤ ካሊፐሩ (ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው ክፍል) ላይ ባለችው ማስተንፈሻ፣ ብዙ ጊዜ የ8 ቁልፍ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ይሰካል። እጀታው ተጨብጦ ይያዛል፣ ማስተንፈሻዋ ተከፍታ ትዘጋለች፣ እጀታው የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ወይም ላይኛው መያዣ ከደረቀ አየር ይገባል፣ ሥራውም ከሀ ይጀመራል። ቀለም ላይ የፈሰሰ ጠብታ ወዲያው በውሃ ይታጠብ፤ ቀለሙን ይልጣል። እጀታው ድንጋይ እስኪሆን ሳይጨበጥ አይነዳም።

የሹካ ዘይት ሁለቱም እግር እኩል መሞላት ስላለበት ለመጀመሪያ ቀን አይመከርም። የራዲያተር ውሃ ያላቸውም ጥቂት ናቸው፤ ክዳኑ ሞተሩ ሲግል አይከፈትም።

የተቃጠለው ዘይት ተከድኖ በርሜል ላለው ጋራዥ ይሰጣል። ቦይ ውስጥ የተደፋ ከዝናቡ ጋር ባንተ ይቀጡ ወንዝ ይገባል። የፍሬን ዘይት ከሱ ጋር አይቀላቀልም። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሥር ካርቶን ይነጠፍ፤ ጠብታ ከታየ መጀመሪያ የሚመረመረው ቀለበቱ ነው እንጂ ቡሎኑ እንደገና አይጠበቅም።