የሻይ ችግኝ ላይ አመድ ለምትነሰንሱ

ጎሬና ቦንጋ አካባቢ ሻይ በየጓሮው መተከል ከጀመረ ወዲህ ስልኬ አላርፍ ብሏል። የምጠየቀው ደግሞ ያንኑ ነው። አንዴ ጽፌ ልገላገል።

«አረንጓዴ ሻይና ጥቁር ሻይ የተለያየ ተክል ነው»

አይደለም። ሁለቱም ካሜሊያ ሲነንሲስ ከሚባለው ተክል ነው የሚመጡት። ልዩነቱ ከተለቀመ በኋላ ነው። ቅጠሉ ቶሎ በሙቀት ከተመታ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፤ ተጨፍልቆ አየር ካገኘው ይጠቁራል። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ ራሱ በ1762 እ.ኤ.አ. ሁለት ዝርያ ናቸው ብሎ ጽፏል፤ ስለዚህ በዚህ አልፈርድባችሁም።

«ጦስኝም ሽፈራውም ሻይ ነው»

ፈልቶ የተጠጣ ሁሉ ሻይ አይደለም። የሐረር ቁጢም የቡና ቅጠል ነው።

«ለሻይ ኖራ ወይም አመድ ያስፈልገዋል»

እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ለስንዴ፣ ለገብስና ለባቄላ «አፈራችሁ አሲዳማ ነው፣ ኖራ ጨምሩ» እየተባለ ዓመታት ተመክሯል። ለእነሱ ልክ ነው። ሻይ ግን ሌላ ነው። የሚስማማው አሲዳማ አፈር፣ ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይጨምራል) ከ4.5 እስከ 5.5 የሆነ ነው። የስንዴን ሥር የሚያቀጭጨው አሉሚኒየም ለሻይ ይመቸዋል፤ እየሳበ ያረጁ ቅጠሎቹ ውስጥ ያከማቸዋል። ኖራ ወይም አመድ ሲጨመርበት ፒኤቹ ከፍ ይላል። ያኔ ተክሉ የሚያስፈልገው ብረት (አይረን) አፈሩ ውስጥ እያለ ሥሩ ሊወስደው አይችልም።

ጎሬ አጠገብ አንድ አባት ጓሮ ገብቼ ነበር። ችግኞቹ ከአንድ መደብ የወጡ፣ በአንድ ሳምንት የተተከሉ ናቸው። ራቅ ያሉት ጥሩ ይዘዋል። ቤቱ ጥግ ያሉት ግን አዲሱ ቅጠላቸው ቢጫ፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ። «ልጄ፣ የበለጠ የለፋሁት ለእነዚህ ነበር» አሉኝ። ልፋቱ ከምድጃ የሚወጣው አመድ ነው! ፒኤች ስለካ ራቅ ካሉት ሥር 5.1፣ ከቤቱ ጥግ 6.9 አገኘሁ። ቢጫ ሲያዩ ደግሞ «ምግብ አንሶታል» ብለው ዩሪያ፣ ማለትም ናይትሮጅን የሚሰጠውን ማዳበሪያ፣ ጨምረውበታል። የናይትሮጅን እጥረት ከታችኛው፣ ካረጀው ቅጠል ነው የሚጀምረው። የብረት እጥረት ከአዲሱ። ዝቅ ብሎ ማየት ብቻ ይበቃ ነበር።

እና እባካችሁ፣ ኖራ የገባበት ማሳ ላይ፣ የድሮ ምድጃ ወይም ቆሻሻ ማቃጠያ የነበረበት ቦታ ላይ ሻይ አትትከሉ። መጀመሪያ አፈሩን አስመርምሩ። አመዱ በቅርብ የተነሰነሰ ከሆነ ላይ ላዩን ጠርጋችሁ አውጡት። ከዩሪያ ይልቅ አሞኒየም ሰልፌት ካገኛችሁ እሱን ተጠቀሙ፤ ቀስ በቀስ አሲዳማነቱን ይመልሳል። አመዱን የት እንጣለው ካላችሁ፣ ጎመኑ አለላችሁ።

«ዝናብ ስለሚወድ ረግረግ ይስማማዋል»

ዝናብ ይወዳል። የተኛ ውሃ ግን ሥሩን ያበሰብሰዋል።

«ሻይ በተፈጥሮው አጭር ነው፣ መቁረጥ ይጎዳዋል»

ጉማሮና ውሽውሽ የሻይ እርሻዎች ላይ ወገብ ድረስ ተስተካክሎ የምታዩት ስለሚገረዝ ነው። ከተተወ ዛፍ ይሆናል፤ የሕንዱ የአሳም ዓይነት ከአሥር ሜትር በላይ ይሄዳል። ለችግኙ አዝናችሁ መቁረጫ ካላነሳችሁ ቅርንጫፍ አያወጣም፤ ያለችውንም ቅጠል በመሰላል ትለቅማላችሁ።

«ሻይ ካፌይን የለውም»

ደረቅ የሻይ ቅጠል በክብደት ሲለካ ከአረቢካ ቡና የበለጠ ካፌይን አለው። ብርጭቆው ውስጥ የሚያንሰው ቅጠሉን ቆጥበን ስለምንጨምር ነው።

«ዛሬ ለቅሞ ነገ ማስረከብ ይቻላል»

አይቻልም። ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ አድርጋችሁ በደንብ ብትለቅሙም፣ ጆንያ ውስጥ ተጠቅጥቆ ካደረ ይግላል፣ ቀይ ይሆናል፣ ፋብሪካው ይመልሰዋል። በዚያው ቀን መድረስ አለበት። አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ ለማግኘት ደግሞ አራት ኪሎ ገደማ እርጥብ ቅጠል ይፈልጋል፤ ሸክሙ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ችግኝ ከመውሰዳችሁ በፊት ፋብሪካው ምን ያህል እንደሚርቅና መኪናው በክረምት እናንተ ጋ መድረስ መቻሉን ጠይቁ።