ስለ ከብት ዘርና ስለ አንቲኦክሲዳንት የሚወሩ ስህተቶች

ደሴም ኮምቦልቻም የማዳቀል ነገር ሲነሳ የማይባል የለም፣ አሁን ደሞ አንቲኦክሲዳንት የሚባለው፣ ስፐርሙን ከኦክስጅን ከሚመጣ ጉዳት የሚጠብቀው ነገር፣ ተጨምሮበት ጭራሽ ተምታቷል። እስኪ የምሰማቸውን እንያቸው።

“በአዳቃይ የተወለደ ጥጃ ጂኑ የተነካካ ነው።” ኧረ አይደለም! አዳቃዩ፣ ላሟን ያለ ኮርማ የሚያስረግዘው ባለሙያ፣ የሚያስገባው የኮርማውን የዘር ፈሳሽ እንዳለ ነው። ጂን መቀየር ላብራቶሪ ውስጥ የሚሰራ ሌላ ስራ ነው።

“አንቲኦክሲዳንቱ ነው ጂኑን የሚቀይረው።” እሱም ልክ አይደለም፣ ስራው ጥበቃ ብቻ ነው። የስፐርም ሽፋን ቶሎ የሚበላሽ ቅባት የበዛበት ነው፣ ከኦክስጅን የሚመጡት ጎጂ ነገሮች ሲበዙ ቅባቱ እንደከረመ ዘይት ይበላሻል፣ ጂኑን የያዘው ዲኤንኤም ይቆራረጣል። ላብራቶሪ ውስጥ ጂን ለመቀየር ባዕድ ዲኤንኤ በስፐርም በኩል ለማስገባት ሲሞከር ደሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም የዘር ፈሳሹ ውስጥ ዲኤንኤው ስፐርሙ ላይ እንዳይጣበቅ የሚከለክል ነገር ስላለ ስፐርሙ መጀመሪያ ይታጠባል፣ አብሮ ግን የተፈጥሮ መከላከያውም፣ እነ ካታሌዝ እነ ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ፣ ታጥቦ ይሄዳል፣ ከዛ ላይ አንዳንዴ በኤሌክትሪክ ሽፋኑን ይከፍቱታል። አንቲኦክሲዳንት የሚጨመረው ለዚህ ነው።

“እንግዲያው በደንብ ይጨመርበት!” ይቺ ናት ዋናዋ ስህተት። ስፐርሙ እንቁላሏ ውስጥ ለመግባት ሲዘጋጅ ትንሽ ኦክሲዳንት፣ ማለትም ከነዚያ ከኦክስጅን ከሚመጡት ነገሮች፣ ራሱ ያስፈልገዋል፣ ሙልጭ አርጋችሁ ካጠፋችሁት ይደነዝዛል። ቫይታሚን ሲ ደሞ ሲበዛና ብረት ሲያገኝ ተገልብጦ ራሱ ጎጂ ይሆናል። መጠኑም እንደ እንስሳው ነው፣ ለኮርማ የሰራው ለአውራ በግ ላይሰራ ይችላል። አንድ ወንድማችን የቫይታሚን ኪኒን ፈጭቶ መጨመር ይቻል እንደሆነ ጠይቆኝ ነበር፣ አብሽር ወንድሜ፣ አይቻልም፣ ስትሮው፣ ስፐርሙ ያለበት ቀጭን ቱቦ፣ ታሽጎ ነው የሚመጣው፣ የሚጨመረው ካለም ከመቀዝቀዙ በፊት ነው።

“አንቲኦክሲዳንት ካለ አዲሱ ጂን በእርግጠኝነት ይገባል።” የለም። በፈረንጆቹ 1989 ጣሊያኖች ባዕድ ዲኤንኤ በስፐርም ማስገባቱ በአይጥ ሰራልን ብለው ነበር፣ ሌሎች ሲሞክሩት ግን ብዙዎቹ አልተሳካላቸውም፣ እስካሁንም ውጤቱ ወጥ አይደለም። ስፐርሙ በህይወት መትረፉ ሌላ፣ ጂኑ መግባቱ ሌላ።

“ስፐርሙ ማቀዝቀዣው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከገባ ምን ይነካዋል?” በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ተኝቶ እያለ እውነትም ምንም አይሆንም፣ የሚጎዳው ሲቀዘቅዝና ሲሟሟ ነው። ስለዚህ አዳቃዩ ስትሮውን ሲያወጣ እዩት፣ ብዙ ጊዜ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ውስጥ ነው የሚያሟሟው። ገጠር ሲዞር ናይትሮጅኑ አልቆበት የከረመ ታንክ ከሆነ ግን ስፐርሙ ሞቷል፣ የሞተውን ደሞ የትኛውም አንቲኦክሲዳንት አያስነሳውም።