«ባሌን ጠልቼው አይደለም»፦ ስለ ድብርት መድኃኒትና ስለ ሴቶች ስሜት የሚወሩ ስህተቶች

የምሠራው ባሕር ዳር፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ሰርትራሊን ወይም ፍሉኦክሴቲን የሚባል የድብርት መድኃኒት ልትገዛ የመጣች ሴት ከኋላዋ ሰው ከቆመ ምንም አትጠይቅም። ሰዉ ሲበተን ትመለስና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ይሄ ነገር ስሜት ያጠፋል እንዴ?» ትላለች። አዎ፣ ብዙዎች ላይ የወሲብ ስሜትን ያጠፋል። ይህን ለመናገር ምን እንደሚከብደን አይገባኝም። እስክትጠይቀኝ ድረስ ግን ጎረቤት፣ እህት፣ አንዳንዴም ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው የማይሆን ነገር ነግሯታል። እኔም መስማቱ ሰልችቶኛል።

«መድኃኒቱ ምን አድርጎ፤ ባሏን ጠልታው ነው»

እነዚህ መድኃኒቶች አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሥራ ያጠነክራሉ። ድብርቱን የሚያቀለው ይኸው ነው። ፍላጎትን የሚያቀዘቅዘው፣ እርካታን የሚያዘገየው ወይም ጭራሽ የሚያስቀረውም ይኸው ነው። አንዳንዷ ድርቀት ይሰማታል፤ አንዳንዷ ብልቷ አካባቢ ይደነዝዛታል። ይህ ሁሉ ከፍቅር ጋር አይገናኝም።

አንዲት ደንበኛዬ መድኃኒቱን የጀመረችው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነበር። 55ቱን ቀን ባልና ሚስት አልጋ ለይተው ጾሙ፤ ታዲያ ለውጡን ማን ያስተውለው? ነገሩ የተገለጠው ከፋሲካ በኋላ ነው። ባል ሆዬ «ጾሙን አሳበሽ ሌላ ሰው ለምደሻል» አላት። እሷም ክኒኑ እንደሆነ አላወቀችም፤ የነገራት የለማ! አንድ ቀን ባሏን ይዛው መጣች። ከካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ዘርግቼ፣ ጥቃቅኗን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በጣቴ እያሳየሁ መስመር በመስመር ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ይህን ቀድሞ የሚናገር ሰው ጠፋ?» አለ። ምን ልበለው፣ እውነቱን ነው።

እርግጥ ድብርት ራሱ ፍላጎት ይገድላል። የሚለየው ጊዜው ነው። ከክኒኑ በፊትም ጠፍቶ ከነበረ ድብርቱን ጠርጥሩ። ከጀመራችሁ ወዲህ፣ ያውም ልባችሁ ቀለል እያለው ሳለ ከጠፋ፣ መድኃኒቱን ጠርጥሩ።

«እሱ የወንድ ችግር ነው፤ ሴትን ምን ይጎዳታል?»

ይህን የሚሉት ወንዶች ብቻ ቢሆኑ ምን ነበረበት! ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ ሴት ላይ የሚደርስ ነው።

«አሚትሪፕቲሊን የታዘዘልኝ ለራስ ምታት ነው፤ እኔን አይመለከተኝም»

ይመለከትሻል። ዱሮውንም የድብርት መድኃኒት ነው፤ አነስ ባለ መጠን ለማይግሬንና ለነርቭ ሕመም ይታዘዛል።

«ቅዳሜና እሁድ ልዝለለው፤ ካልሆነም ልተወው»

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። የወሩ ክኒን አልቆ መምጣት የነበረባት ሴት ዘግይታ ትመጣለች። ከቦርሳዋ የምታወጣው ብሊስተር እዚህም እዚያም ሁለት ሁለት ፍሬ ሳይነካ ቀርቷል። «ረስቼው ነው» ትላለች። አልረሳችውም። ቅዳሜና እሁድ ባሏ ከመስክ ሥራ ይመለሳል።

ፍሉኦክሴቲን ከሆነ የምትወስደው፣ ዝለላው ከንቱ ድካም ነው። እሱና ሰውነት ውስጥ የሚለወጥበት ነገር ለመውጣት ሳምንታት ይፈጅባቸዋል፤ ሁለት ቀን ምን ሊያደርግ? ሰርትራሊን ፈጠን ይላል፤ ግማሹ በአንድ ቀን ገደማ ይወጣል። ሌላው የድብርት መድኃኒት ፓሮክሴቲን ከሁለቱም ይፈጥናል። ፈጥኖ የሚወጣው ደግሞ ይበቀላል፦ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በትንሹ መነጫነጭ። ጭንቅላቴን እንደ ኤሌክትሪክ ነዘረኝ የሚሉም አሉ። እንዲህ ሆኖ የምን ጨዋታ ነው! መዝለሉ ለጥቂት መድኃኒቶች በሐኪም ክትትል የተሞከረበት ጊዜ አለ፤ በራስ ውሳኔ ሲሆን ግን ሁለት ቀን ሳምንት ይሆናል፣ ሳምንቱ መተው ይሆናል፣ ድብርቱም ተመልሶ ይመጣል።

«ጊሽ ዓባይ ጸበል ልሄድ ነው» ብለው የሚያቋርጡም አሉ። ሂጂ፣ ተጠመቂ፤ ክኒንሽን ግን ይዘሽ ሂጂ። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ሰርትራሊን ማታም ይወሰዳል። ዋናው ሰዓቱን አለመቀያየር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ለሐኪሙ ንገሩት። «ምቾት አጣሁ» ብላችሁ አታለባብሱት፤ «መድኃኒቱን ከጀመርኩ ወዲህ ፍላጎቴ ጠፋ» ወይም «እርካታ ላይ አልደርስም» በሉ፤ ሁለቱ የተለያየ ችግር ነው። ገና ጀማሪ ከሆናችሁና ችግሩ ቀላል ከሆነ ጥቂት ሳምንት መጠበቅ ይቻላል፤ አንዳንዷን ይለቃታል። ካለቀቃት መጠኑን ቀስ አድርጎ መቀነስ አለ። ወደ ሌላ መድኃኒት መዞርም አለ፤ ቡፕሮፒዮንና ሚርታዛፒን በዚህ በኩል ይሻላሉ። ቡፕሮፒዮን ግን የሚጥል በሽታ ላለባት አይሆንም፤ ስለዚህ ጓደኛዬ ተሻላት ብላችሁ አትግዙ። ከግንኙነት በፊት ሰውነትን ማንቀሳቀስ የረዳቸው ሴቶችም አሉ። በሐይቁ ዳር ፈጠን ብሎ መራመድ ዋጋ አያስከፍልም፤ ባልም አብሮ ቢወጣ ሆዱ አይከፋም።

ለድርቀቱ በውኃ የተሠራ ማለስለሻ ጄል ጠይቁ። ቫዝሊን ከኮንዶም ጋር አይሄድም፤ ላቴክሱን ያበላሸዋል።

«የወንዶቹ ሰማያዊ ክኒን፣ ቪያግራ፣ ለእኔስ?»

በ2008 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የአሜሪካ ጥናት እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስዱ ሴቶች ላይ ሞክሮት እርካታ ላይ ለመድረስ ረድቷል። ጥናቱ ግን ትንሽ ነው። የልብ መድኃኒት ናይትሬት ለሚወስድ ሰው ደግሞ ክኒኑ አደገኛ ነው። ከባል ኪስ ተሰርቆ የሚዋጥ አይደለም።

«ሱስ ያስይዛል»

አያስይዝም። የሚቆመው ግን ቀስ በቀስ ነው፤ ምክንያቱን ከላይ አይታችኋል።

«ስሜት ካጠፋ እርግዝናም ይከላከላል»

ከየት እንደመጣ እንጃ! አይከላከልም። መውለድ የማትፈልግ ሴት ሌላ መከላከያ ያስፈልጋታል። ማርገዝ የምታስብ ደግሞ ቀድማ ለሐኪሟ ትንገር፤ በተለይ ፓሮክሴቲን የምትወስድ ከሆነ መቀየር ሊኖርበት ይችላል።

መስኮቱ ላይ ሰው ከበዛባችሁ «ለብቻ ላናግርሽ» በሉኝ፤ በጎን በኩል በር አለ።