ስለ ጥይት አሞላል ቡና ላይ የሰማናቸው ስህተቶች

አሜሪካ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ደሴ መጥቶ ነበር። እዚያ ለኢላማ ተኩስ የሽጉጥ ጥይቱን ራሱ ይሞላል፤ ባዶ ቀለህ (የጥይቱ ቀፎ) ውስጥ ማቀጣጠያና ባሩድ ከትቶ፣ አረሩን (ተተኩሶ የሚወጣውን ጫፍ) ይገጥምበታል። ሁለት የአሞላል መመሪያ ይዞ መጥቷል። ቡና እየተፈላ ገለጥናቸው። ለአንድ ዓይነት ባሩድና ለእኩል ክብደት አረር የሰጡት የመጨረሻ (ከፍተኛ) የባሩድ መጠን ግን ለየቅል ነው።

«አንዱ ተሳስቷል» አለ ታላቅ ወንድሜ። አልተሳሳቱም። ሁለቱም ተኩሰው የለኩትን ነው የጻፉት። የተኮሱበት አፈሙዝ፣ ቀለሁ፣ ማቀጣጠያውና የአረሩ ቅርጽ ግን ይለያያል። የአጎቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየን። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት አረሮች፣ ሁለቱም 115 ግሬን፣ 7.45 ግራም ገደማ። አንዷ ግን ረዘም ትላለች። የጥይቱ ጠቅላላ ርዝመት እኩል ከሆነ፣ ረዥሟ ቀለሁ ውስጥ ጠልቃ ትገባለች። ለባሩዱ የሚቀረው ቦታ ይጠባል፤ ግፊቱ ያሻቅባል። በ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ክፍተቱ ድሮም ጠባብ ነው፤ የሚሊ ሜትር ሽርፍራፊ እንኳ ለውጥ ያመጣል። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው፤ ባሩድ ሳይጨመር ግፊት ይጨምራል!

«እንግዲያው መካከለኛውን መውሰድ ነዋ!» አለች እህቴ ቶናውን እየቀዳች። የሁለቱ አማካይ ግን ማንም ተኩሶ ያልለካው ቁጥር ነው። የያዙትን አረር የሚጠቅሰውን ሠንጠረዥ ይፈልጋሉ፣ ከዚያም ከመነሻው መጠን ይጀምራሉ።

«ካነሰማ ምን ችግር አለው፣ አብሽር» የሚለው የባሰ አደገኛ ነው። ባሩዱ በጣም ሲያንስ አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ተወትፎ ይቀራል። ተኳሹ «ከሸፈ» ብሎ ከደገመ፣ ሁለተኛው ከኋላ ይመጣበታል። አፈሙዙ ሊፈነዳ ይችላል። ድምፁ ከወትሮው ካነሰ ወዲያው ማቆም ነው።

ከወረኢሉ የመጡት ጋሼ ደግሞ «9 ከሆነ ያው 9 ነው» አሉ። አይደለም ጋሼ። ሁለቱም «9 ሚሊ ሜትር» የሚባሉ የሽጉጥ ጥይቶች ቢሆኑም፣ የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ነው፤ ፓራቤለም 9 በ19፤ ሁለተኛው ቁጥር የቀለሁ ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው። የማካሮቭ አረር ውፍረቱ 9.27 ሚሊ ሜትር፣ የፓራቤለሙ 9.03 ነው። የአንዱ ሠንጠረዥ ለሌላው አይሆንም።

«እኛም እዚህ ብንሞክረውስ?» ያለም ነበር። እዚህ መሣሪያና ጥይት የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት ክልክል ነው። የአጎቴ ልጅም ያመጣው መጽሐፎቹን ብቻ ነው። ባሩዱም ሚዛኑም እዚያው ናቸው።