ኦቶፓይለት እያለ ፓይለት ምን ይሠራል?

አንድ ሐሳብ ደጋግሞ ይመጣል፦ አውሮፕላን በራሱ ስለሚበር አንደኛውን አብራሪ እናስወርድ፣ ውሎ አድሮም ሁለቱንም፤ ቲኬት ይረክሳል፣ የሰው ስህተትም ይቀራል። ሲሰሙት ደስ ይላል። ሐሳቡ የተመሠረተበት፣ ሁሉን በራሱ የሚሠራ ኦቶፓይለት ግን በየትኛውም ኮክፒት (የአብራሪዎች ክፍል) ውስጥ የለም። የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ቁልፍ ተጭነው ቡናቸውን ይጠጣሉ»

«ናይሮቢ አድርሰኝ» የሚባል ቁልፍ የለም። ኦቶፓይለት የተሰጠውን ከፍታ፣ አቅጣጫና ፍጥነት ይጠብቃል፤ ለምን እንደተሰጠው አያውቅም። የበረራ ተቆጣጣሪው «ወደ 13 ሺህ ጫማ ውረዱ» ቢል አንዱ አብራሪ የከፍታውን ማዞሪያ 13 ሺህ ላይ ያደርሳል፤ ሌላው ቁጥሩን አይቶ ድምፁን አውጥቶ ያረጋግጣል። ከዚያ የአወራረዱ ዓይነት ተመርጦ ቁልፉ ይጫናል። በመጨረሻ ሁለቱም በስክሪኑ አናት ላይ ያለችውን መስመር ያነባሉ፤ ማሽኑ ምን እንደገባው የምትናገረው እሷ ናትና። ማዞሪያው ዞሮ ቁልፉ ካልተጫነ አውሮፕላኑ ባለበት ከፍታ ይቀጥላል። የተሳሳተ ዓይነት ከተመረጠ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ፈረንሳይ ውስጥ ስትራስቡርግ አጠገብ ተራራ ላይ የተከሰከሰውን ኤርባስ 320 የመረመሩ ባለሙያዎች ያመዘነባቸው ምክንያት ይኸው ነበር፦ 3.3 ዲግሪ ቁልቁለት ታስቦ የገባው ቁጥር በደቂቃ 3,300 ጫማ መውረድ ሆኖ ተወሰደ። 87 ሰው ሞተ።

ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከካርቱም የመጣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራም ቦሌን በ37 ሺህ ጫማ አልፎ ሄዶ ነበር። የአቪዬሽን ዘገባዎች አብራሪዎቹ ተኝተው ነበር አሉ፤ አየር መንገዱ ግንኙነት ለጊዜው ተቋርጦ እንደነበርና ሠራተኞቹ ከበረራ ሥራ እንዲገለሉ እንደተደረገ ገለጸ። ደግነቱ በሰላም አረፈ። ዝቅ ያለ ከፍታ ካልተሞላለት ማሽኑ «ደርሰናል እኮ» ብሎ አይወርድም።

«ሲነሳም እሱ ነው»

አይደለም። በመንገደኛ በረራ አውሮፕላኑን ከማኮብኮቢያው የሚያነሳው የሰው እጅ ነው። ኤርባስ በራሱ የሚነሳ ኤ350 ቱሉዝ ላይ የሞከረው በ2019 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ እሱም ሙከራ ነበር።

«ከባዱን ማረፍ ለማሽኑ ይተዉታል»

ጭጋግ ከሆነ፣ አዎ። ግን ከመሬት ምልክት የሚልክ ትክክለኛ ደረጃ ያለው መሣሪያ ያስፈልጋል፤ አንቴናው አጠገብ የቆመ መኪና ወይም ሌላ አውሮፕላን ምልክቱን ያጣምማል፣ ስለዚህ ቦታው ይጠበቃል። የጎን ነፋስ ሲበረታ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የብዙ አውሮፕላኖች አውቶማቲክ ማረፊያ ገደብ 20 ኖት (በሰዓት 37 ኪ.ሜ. ገደማ) አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያርፈው ሰው ነው።

«የቢሾፍቱውን አውሮፕላን የጣለው ኦቶፓይለቱ ነው»

ይህን ስንት ጊዜ ማረም ይቻላል? መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰዎች ያለቁበትን ቦይንግ 737 ማክስ ወደ መሬት የገፋው ኤምካስ የተባለ ሌላ ሥርዓት ነው። ይባስ ብሎ ኤምካስ የሚሠራው ኦቶፓይለቱ ሲጠፋና ፍላፑ (ለመነሻና ለማረፊያ የሚዘረጋው የክንፉ ክፍል) ሲታጠፍ ነው። የማክስ ሞተሮች ትልልቅ ስለሆኑ ወደ ፊትና ወደ ላይ ተተክለው ነበር፤ አፍንጫው ከመጠን በላይ ቀና ሲል አውሮፕላኑ ይበልጥ ቀና የማለት ዝንባሌ ስላለው፣ ኤምካስ የጭራውን አግድም ክንፍ እያዞረ አፍንጫውን እንዲደፋ ተሠራ።

በቅድመ ምርመራ ሪፖርቱ ሰዓቱ በሰከንድ ሰፍሯል። አውሮፕላኑ ከጠዋቱ 2፡38 ተነሳ። ወዲያው ክንፉ ነፋሱን የሚቀበልበትን አንግል የሚለካው የግራ ሴንሰር 74.5 ዲግሪ አነበበ፤ የቀኙ ትክክለኛውን ያሳይ ነበር። ኦቶፓይለቱ 33 ሰከንድ ያህል ሠርቶ ወጣ። ከ5 ሰከንድ በኋላ ኤምካስ የጭራውን ክንፍ ለ9 ሰከንድ አፍንጫውን ወደሚደፋ አቅጣጫ አዞረ። አብራሪዎቹ በታዘዘው መሠረት የጭራውን ኤሌክትሪክ ቆረጡ። ጭራውን በእጅ የሚያዞረው መንኮራኩር ግን አልዞር አለ፤ ሞተሩ በመነሻ ኃይሉ ላይ ስለነበር ፍጥነቱ ጨምሯል፣ ጭራው ላይ ያለው የነፋስ ጫናም ከክንድ ጉልበት በላይ ነበር። ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ኤምካስ ለመጨረሻ ጊዜ ገፋ። ሁሉም ነገር የሆነው በስድስት ደቂቃ ውስጥ ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ኦቶፓይለትን አብራሪው ያውቀዋል፣ ያጠፋዋልም። ኤምካስ ግን በአንድ ሴንሰር ብቻ ይታዘዝ ነበር፣ ደጋግሞ ይገፋ ነበር፣ ከኢንዶኔዥያው የላየን ኤር አደጋ (ጥቅምት 2011 ዓ.ም.፣ 189 ሰዎች) በፊት ደግሞ በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተገለጸም ነበር። ዛሬ ሁለቱን ሴንሰሮች ያነጻጽራል፤ ከ5.5 ዲግሪ በላይ ከተለያዩ አይሠራም፤ ከሠራም አንድ ጊዜ ብቻ ገፍቶ ያቆማል፣ አብራሪው መሪውን ስቦ በሚያሸንፈው መጠን። «አውቶማቲክ እናድርገው» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ መረጃውን ከስንት ሴንሰር ይወስዳል? ሲሳሳት በምን ያህል ጉልበት ይሳሳታል? አጠገቡ ያለው ሰው መኖሩን ያውቃል?

«ሰው ሲደክም ማሽኑ ይረከባል»

ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው የሚሆነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2009 ከሪዮ ወደ ፓሪስ ይበር በነበረው ኤርባስ 330 የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹ በረዶ ሲሞሉ ኦቶፓይለቱ ራሱን አጠፋ። በውድቅት ሌሊት፣ በማዕበል መሃል፣ የተምታታ መለኪያ ይዘው አብራሪዎቹ በድንገት ተረከቡ። ከአራት ደቂቃ ተኩል ባነሰ ጊዜ ውስጥ 228 ሰዎች ያሉበት አውሮፕላን ውቅያኖስ ገባ። ማሽኑ ቀላሉን ሰዓት ይሠራና መላ ሲጠፋበት ለሰው ያስረክባል፤ ሰውየውም እስከዚያ ድረስ እጁ ሥራ ፈትቶ ቆይቷል።

«ረዳት አብራሪው ረዳት ነው፣ ቢቀርስ?»

ስሙ ነው ያሳሳተው። የኃላፊነቱ የመጨረሻ ቃል የካፒቴኑ ነው፤ ማብረሩ ግን ተራ በተራ ነው። ካፒቴኑ አዲስ አበባ–መቀሌን ካበረረ መልሱን ብዙውን ጊዜ ረዳቱ ያበራል፣ ካፒቴኑ ደግሞ ሬዲዮውን ይዞ ይከታተላል፣ ያርማል። ረጅም በረራ ላይ አንዱ እንዲተኛ ሌላው ብቻውን እንዲቆይ የቀረበውን ሐሳብ የአውሮፓ አቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ አስጠንቶ ነበር። በ2025 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ውጤት በዛሬው ኮክፒት የሁለት ሰውን ያህል ደህንነት ማረጋገጥ አልተቻለም የሚል ነው። ከተነሱት ችግሮች መካከል ከእንቅልፍ የተቀሰቀሰ ሰው አእምሮው ወዲያው አለመንቃቱ፣ የነቃው ሲሳሳት የሚያይ ሁለተኛ ዓይን አለመኖሩ፣ እንዲሁም ብቻውን ያለው ሰው ሽንት ቤት መሄዱ ይገኙበታል።